ሚሊሜትርና ሁለተኛው ፕሮሰሰር

ባለቤቴን ሥራ ቦታ ሚሊሜትር ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ብጠየቅ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኝላትም ነበር። ኮሌታው ከቦታው በፀጉር ስፋት ፈቀቅ ካለ፣ ያነጠፍኩትን ጨርቅ በሙሉ አስነስታ እንደ አዲስ ታስነጥፈኛለች። እኔ የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፤ እሷ ቅድ አውጪ ናት። እሷ በወረቀት ያወጣችውን እኔ በማሽን እቆርጠዋለሁ። የተዋወቅነው ስንጣላ ነው፤ የተጋባነውም፣ ጓደኞቻችን እንደሚሉት፣ ጭቅጭቁን ቤት ወስደን በነፃነት ለመቀጠል ነው።

ትንታግ ናት። ይህን የምለው ላሳጣት አይደለም፤ እኔም ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። ይህን ታሪክ ሳወራ "እስቲ ረጋ ብለህ አውራ" የሚሉኝ አሉ። መርጋት ከቻልኩማ ለምን አወራዋለሁ?

ቅድ ክፍሉን ከእኔ መቁረጫ አዳራሽ የሚለየው አንድ ሰፊ መስታወት ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚሆነውን ሁሉ ቆሜ አያለሁ። ጠባብ ክፍል ነው። በአንዱ ጥግ ኮምፒዩተር፣ በሌላው ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ የካርቶን ቅዶች፦ እጅጌ፣ ጀርባ፣ ኪስ። ኮምፒዩተሩ ያረጀ ነው። ጎኑ በደንብ አይገጥምም፤ ሲከፈት እያጓራ ነው የሚነሳው። ግን አውጥቶ መጣል አይቻልም። ቅዶቹን በጨርቁ ስፋት ላይ የሚደረድረው ፕሮግራም በእሱ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም፤ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲሞከር ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም።

ኮምፒዩተሩ ላይ የምትቀመጠው ሚሊሜትር ናት። ጠረጴዛው የታናሽ እህቷ ነው። ታናሿን ዝምታ እንላታለን። ታላቋ የሁለቱን ድርሻ ተናግራ ስለጨረሰች ለእሷ የተረፈ ቃል የለም እያሉ ይቀልዱባታል። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከትንሽ ሴት ልጇ ጋር እኛው ቤት ነው የምትኖረው። መተዳደሪያዋ ያቺ ጠረጴዛ ናት፤ ሌላ ምንም የላትም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ሚሊሜትር ቅዶቹን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ታስገባና እንዲደረድር ታዘዋለች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ብቻውን ያሰላል፤ እጅጌውን እዚህ፣ ኪሱን እዚያ፣ ጨርቅ እንዳይባክን። ትልቅ ትእዛዝ ከሆነ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በዚያ መሃል ማውሱን የነካ ሰው ወየውለት! ማሽኑ ድርቅ ይላል፤ የተሰላው ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ደንብ አወጡ፦ ስሌት ሲጀመር ኪቦርዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይነጠፋል። ቀዩ ጨርቅ እስኪነሳ ድረስ ማንም ወደዚያ እጁን አይሰድም። በዚያ ሰዓት የሚቀጥለው ልብስ ቅድ በእጅ ይወጣል፤ ያ ነው የዝምታ ሥራ። በእርሳስ፣ በማስመሪያ፣ በካርቶን። የእሷን እጅጌ እኔ ስቆርጠው መቁረጫ ማሽኔ ራሱ መንገዱን የሚያውቀው ይመስለኛል።

የፋብሪካው ባለቤት ምነውዘገየ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን ገና ከበሩ ሳይገባ "ምነው ዘገየ?" ስለሚል በዚያው አጠመቅነው። ደህና አደራችሁ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ቀዩ ጨርቅ ተነጥፎ ሳለ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ምነው ዘገየ?"

"እያሰላ ነው" አለችው ሚሊሜትር።

"ሁልጊዜ እያሰላ ነው። ከዚህ ወር በኋላ እንዲህ ከቀጠለ ክፍሉን እዘጋዋለሁ። ድርደራውን ውጭ የሚሠሩልኝ ሰዎች አሉ።"

"እኛስ?"

"እናንተማ ቅድ ክፍሉ ናችሁ" ብሎ ሄደ። እንዲህ ነው የሚናገረው። ሰው ከግድግዳ አይለይም።

ቤት ስንገባ የድስቱ ክዳን፣ የቁምሳጥኑ በር፣ እኔም ሳልቀር ተራ በተራ ተመታን። ደሟ ፈልቶ ነበር። "ለእኔ ግድ የለኝም፤ የትም ብሄድ ቅድ አወጣለሁ" አለች። "እሷስ? ከሰው ፊት ቆማ 'ሥራ ስጡኝ' ማለት የማትችለዋ ልጅስ? ልጇን ምን ልታበላ ነው?" ዝምታ ጥግ ላይ ልጇን እያስጠናች ነበር፤ ቀና አላለችም። ሚሊሜትር በዚያው ማለች። ማሽኑን ታፈጥነዋለች፣ ክፍሉ አይዘጋም፣ እህቷ ከጠረጴዛዋ አትነሳም።

ኮምፒዩተር ጠጋኙን ካቻቪቴ ነው የምንለው። የብሎን መፍቻውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው የሚዞረው። ጎኑን ከፍቶ ሲያየው ውስጡ የጨርቅ ብናኝ ተጋግሮበት ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ካቻቪቴ አስነጠሰ፣ ጠረገ፣ ከዚያ በጣቱ አሳያት። ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት ረጃጅም መሰኪያዎች ጎን ለጎን አሉ። አንደኛው ላይ ፕሮሰሰሩ ከነማራገቢያው በራሱ ቦርድ ላይ ቆሟል። ሌላው ላይ ምንም የማይሠራ ባዶ ካርድ ቦታ ይዟል።

"ይሄ ሲሠራ ለሁለት ነው የታሰበው" አላት። "መንታውን ካገኘንለት ሁለት አንጎል ይኖረዋል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ግማሽ ጭንቅላቱን ዘግቶ ነው የሚያሰቃየን?" አለች። ያን ቀን የተናደደችው በኮምፒዩተሩ ነበር።

"ግን እህቴ፣ ፕሮግራማችሁ የድሮ ነው። ሁለተኛውን ሊጠቀምበትም ላይጠቀምበትም ይችላል። ኋላ እንዳትቆጪኝ።"

የመጨረሻውን አልሰማችውም። ሚሊሜትር የምትሰማው ልቧ የፈለገውን ሲነግሯት ነው፤ ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ምነውዘገየን "ፕሮሰሰር ግዛልን" ብትለው እንደሚስቅባት ስለምታውቅ ከራሷ ኪስ አወጣች። ካቻቪቴ መጀመሪያ ያመጣላትን ፕሮሰሰር ከየት እንዳገኘው አላውቅም። መልኩ አንድ፣ ፍጥነቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሲሰኩት ማሽኑ ጮኸ እንጂ አልነሳም። "መንታ አልኩህ፣ የእንጀራ ልጅ አመጣህልኝ!" ብላ ልታንቀው ደረሰች። መንታውን ያገኘው ከቆይታ በኋላ፣ ከተጣለ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ነው።

የገጠሙት እሁድ ከሰዓት ነው፤ ፋብሪካው ዝግ ነበር። ባዶውን ካርድ ነቀለ፣ ኤሌክትሪኩን የምታመጣጥነዋን ትንሽ ቦርድ ጎኑ ሰካ፣ አዲሱን በሁለት አውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ቀጭ እስኪል ወደታች ሰደደው። ከፈተው። ማሽኑ ሲነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለት ብሎ ቆጠረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውስጥ ሲገባ ግን ሲስተሙ አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

"መጀመሪያ ሲጫን አንድ ነህ ተብሎ ነው የተጫነው" አለ ካቻቪቴ። "ካልነገሩት ከየት ያውቃል?" ሲስተሙን ሁለት መሆኑን እንዲያውቅ አድርጎ አስተካከለው። ብዙ ፈጀ። በመጨረሻ ሁለቱም ታዩ።

ሚሊሜትር ባለፈው ሳምንት የተሠራውን ትእዛዝ እንደገና አዘዘችው፤ ልዩነቱን ልታይ። ቀዩን ጨርቅ አነጠፈች። ሁላችንም ሻይ እየጠጣን ጠበቅን። ጠበቅን። እንደገና ጠበቅን። ማሽኑ እንደ ልማዱ ነው የሚንቀራፈፈው፤ አንዲት ቅንጣት አልፈጠነም።

እሷ ስትናደድ መጀመሪያ ድምፅዋ ነው የሚወርደው። "ይሄ ነው?" አለችው ቀስ ብላ። "ይሄ ነው ሁለት አንጎልህ?" ከዚያ በኋላ ያለችውን እዚህ አልደግመውም። ካቻቪቴ አንገቱን ደፍቶ አስጨረሳት። የሰው ልክ ነው።

"ነግሬሽ ነበር፤ ፕሮግራሙ በአንድ እጅ ነው የሚሠራው" አላት። "ሌላው እጅ ግን ነፃ ነው። ተመልከቺ።" እጁን ሰደደና ቀዩን ጨርቅ ከኪቦርዱ ላይ አነሳው።

"ተው!" የሚል ጩኸት ተሰማ። የጮኸችው ዝምታ ናት። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ካቻቪቴ ማውሱን አንቀሳቀሰ። ማሽኑ አልደረቀም። ያው ፕሮግራም ሌላ ገጽ ከፈተና ባዶ ሰሌዳ ወጣ፤ ስሌቱ ከጀርባ እየቀጠለ ነው። ሚሊሜትር ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ መጀመሪያ እየፈራች፣ በኋላ እየደፈረች እጅጌ መሣል ጀመረች። ማሽኑ አንድ ልብስ እያሰላ እሷ ሌላ ትሥላለች። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጋችንም ቀን አላየሁት። ካቻቪቴን ይቅርታ ጠየቀችው። ይቅርታ! ከእሷ አፍ! እህቷን አቅፋ አዞረቻት። ክፍሉ ተረፈ አልን። ማናችንም፣ ከመሃላችን አንድ እንኳ፣ ያ ግማሽ ቀን ጥበቃ የማን ጉርስ እንደነበረ አላሰብንም።

ያሰበው ምነውዘገየ ነው።

ሳምንቱ መሃል ላይ መጣ። ሥራው መፍጠኑን ሰምቷል፤ ትእዛዝ በላይ በላዩ እየወጣ ነበር። መስታወቱ አጠገብ ጨርቅ ሳነጥፍ አየሁት፤ በሩም ክፍት ስለነበር ሁሉን ሰማሁ። ሚሊሜትር፣ የኔ ምስኪን፣ ኮርታ አስረዳችው። አንዱ ያሰላል፣ በሌላው እሥላለሁ፣ ድሮ በካርቶን ይወጣ የነበረው አሁን እዚሁ ያልቃል አለችው። ስክሪኑን ወደሱ አዙራ አሳየችው። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ዝምታ አንድ የኪስ ቅድ ይዛ ቆማ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ ያቺኑ ኪስ ነው ስታስተካክል የዋለችው።

"ታዲያ እሷ ምን ትሠራለች?" አለ።

ሚሊሜትር ስክሪኑን ወደ ራሷ መለሰችው። "ታግዘኛለች" አለች።

"ምኑን?"

መልሱን ሁሉ ራሷ ሰጥታ ጨርሳዋለች። ምነውዘገየ አልተቆጣም፣ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ቅዳሜ ዝምታ የሚገባትን ክፍያ ተቀብላ ተሰናበተች። ማስመሪያዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ወጣች።

በእኔ አዳራሽ ውስጥ ሹክሹክታው ተጀመረ። አንዱ ቆራጭ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ። ጨርቁን ትቼ ሄድኩበት። ሌሎች ባይዙኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ተረት መተረት ለማያመው ሰው ቀላል ነው! ሴትዮዋ ከገዛ ኪሷ አውጥታ፣ የእረፍት ቀኗን ሠውታ፣ የሰውዬውን ፋብሪካ ማሽን አሳደሰችለት። እሱ ምን አደረገ? ያልገዛውን ነገር ትርፍ ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ጥፋቱ የእሷ ነው እንዴ? በእግዜር!

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ሚሊሜትር ከመሣሪያ ሳጥኔ መፍቻ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሰኞ እነቅለዋለሁ። የኔ ነው፤ ገንዘቤ ነው። ነቅዬ በመዶሻ ነው የምፈጨው። እንደ ድሮው ይንቀራፈፍለት፤ ያኔ እሷን መልሶ ይጠራታል።"

ዝምታ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንዳለ ተወችው።

"አይጠራኝም" አለች። "ክፍሉን ይዘጋዋል፤ አንቺም ትወጫለሽ። ያኔ ሦስታችንም በጋሼ ትከሻ ላይ ነን።" ጋሼ የምትለው እኔን ነው።

"ታዲያ ዝም ልበል?"

"እትዬ፣ ያባረረኝ ሰውዬው ነው፤ ካርዱ አይደለም። አንቺ ካርዱን የምትፈጪው ካርድ መልስ ስለማይሰጥ ነው።" ድምፅዋ ከፍ አለ። "ልታድኚኝ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኛል? ቀዩ ጨርቅ ሲነጠፍ አንቺ ትናደጃለሽ፤ እኔ ግን 'ተመስገን' ነበር የምለው። ሥራዬ የሚጀምረው ያኔ ነው። ካቻቪቴ ሲያነሳው ለምን የጮህኩ መሰለሽ? ማሽኑ እንዳይበላሽ?"

ሚሊሜትር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታያለች። እኔ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ሸሚዙ ሊቃጠል ነበር።

እሁዱን ሚሊሜትር ከመኝታ ቤት አልወጣችም። ሰኞ ጠዋት ግን መፍቻውን ቦርሳዋ ውስጥ አላየሁትም። በመንገድ ላይ ሐሳቧን ነገረችኝ። ሥራውን ለሁለት ይካፈሉታል። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት ዝምታ፤ ደመወዙም እኩል ለእኩል። ኮምፒዩተሩን እሷው ታስተምራታለች።

"እሺ አይልም" አለች። "ግን አልለቀውም። አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ ካለ፣ እኔና እሷ አንድ ሰው ነን እለዋለሁ። ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣነው እለዋለሁ። ይሄን ፋብሪካ ከባዶ ክፍል ጀምሮ ያየሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ይጩህ፤ እኔም እጮሃለሁ። ያባርረኝ እንደሆነ ያባርረኝ።"

ቢሮው ገባች። እኔ ሥራዬን ትቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እጄን ጨብጬ፣ ጩኸት ከሰማሁ በሩን ገንጥዬ ልገባ። ምንም አልተሰማም። ገና አቋቋሜን ሳላስተካክል ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እምቢ አለ?"

"እሺ አለ።"

"ታዲያ ጥሩ ነዋ!"

ይህን ስላት እንባዋ ዱብ አለ። ሚሊሜትር ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። የሐዘን እንባ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው፣ ንፁህ ንዴት።

"ገና አልጨረስኩለትም" አለች። "ስንት ነገር ይዤ ነው የገባሁት! ቀና እንኳ አላለም። ስልኩን እያየ፣ 'ማንም ይቀመጥበት፣ ለኔ ያው ነው' አለኝ። ያው ነው! እኔና እሷ ያው! እንዲከለክለኝ ፈልጌ ነበር እኮ። ቢከለክለኝ ሰው ነሽ እንዳለኝ እቆጥረው ነበር።"

ማታ ለእህቷ ስትነግራት ዝምታ፣ "እንግዲህ ግማሽ ግማሽ ሰው ሆንን በይኛ" አለች። ልጅቷ ሳቀች። ከእኛ የሳቀ የለም።

አሁን ጠዋት ሚሊሜትር፣ ከሰዓት ዝምታ። ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ያወራሉ፤ ሥራ ቦታ ግን አብረው የሚውሉበት ሰዓት የለም። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ትቀመጣለች። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ተቆልሏል። ምነውዘገየ በየቀኑ ያልፋል። አንገቱን በበሩ ያስገባል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ይሄዳል። እኔ በመስታወቱ አያለሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የትኛዋ እንደሆነች አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም።